የመምህር ገመቹ የግምት ጨዋታ

ባለፈው እሑድ እራት ሳዘጋጅ ከጎረቤት ቴሌቪዥን የእንግዳ ሥራ የሚያስገምት ጨዋታ ይሰማ ነበር። ጠያቂው ይጠይቃል፣ እንግዳው «አይደለም» ይላል፣ ደወል ይጮኻል፣ ሕዝብ ይስቃል። እኔ ሽንኩርቱን ትቼ ነቀምቴ ገባሁ፤ የትምህርት ቤታችን አዳራሽ፣ የጠመኔው ብናኝ፣ ዝናብ የመታው የጋቢ ሽታ፣ መምህር ገመቹ።

ጨዋታውን ያዩት አዲስ አበባ ሲማሩ፣ አንድ ሀብታም ቤት ውስጥ ነው። ያኔ ነቀምቴ ቴሌቪዥንን በወሬ እንጂ በዓይኗ አታውቀውም። እሳቸው ግን በጥቁር ሰሌዳና በትምህርት ቤቱ ቃጭል ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አመጡልን። ገማቾቹ የከተማው ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ዓይናቸው በሻሽ ይታሰራል፣ እንግዳው ገብቶ ይጨብጣቸዋል፣ ሥራው ለእኛ ለተመልካቾች ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ልብስ ሰፊው፣ ሥጋ ሻጩ፣ የጨለለቂ ሰፈሯ አዋላጅ ሁሉም ቀርበው ተጨብጭቦላቸዋል። አባዬ ከገማቾቹ ሁሉ የሚወደድ ነበር።

ታላቅ እኅቴ ጫልቱና መምህር ገመቹ ይዋደዱ ነበር። አባዬም «ሽማግሌ ይላኩ» እስከ ማለት ደርሷል። የቀረው ዘር ማጣራት ነው፤ በእኛ አገር ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት የልጁ አባት ማን እንደሆነ፣ በምን እንደሚኖር ይጠየቃል። መምህር ገመቹ የቀጥቃጭ ልጅ ነበሩ፤ ይህን ከጫልቱ በቀር ለማንም አልተናገሩም። ብረት ቀጥቃጭ ማረሻችንን ይሠራልናል እንጂ ከማዕዳችን አይቀመጥም፣ ልጅም አንሰጠውም። እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን አብረን እንዘምራለን።

መምህር ገመቹ ሽማግሌዎች ከሚያወጡብኝ ራሴ በጨዋታው ልናገረው ብለው ወሰኑ። አባዬ ዓይኑ ተሸፍኖ አባታቸውን ከጨበጠ፣ ከሳቀም በኋላ ካወቀ፣ ልቡ የሚለሰልስ መስሏቸው ነበር። የዋህነታቸው ዛሬም ያናድደኛል።

በዚያ ቅዳሜ አሮጌ ግን ንጹሕ ኮት የለበሱ አዛውንት ገቡ። ሰሌዳው ላይ «ቀጥቃጭ» ተጻፈ። አዳራሹ አጉረመረመ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቀ፤ አባዬ ላይ የተሸረበ ቀልድ መስሎት ነው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» አለ አባዬ እጃቸውን ይዞ።

«ነጋ፣ ደኅና ነኝ ጌታዬ።»

«ይህስ የሥራ እጅ ነው፤ ይባረክ! የሚሠሩት ነገር እኔ ቤት ይገኛል?»

«ሞልቶ።»

«ያለሱ መኖር እችላለሁ?»

አዛውንቱ ትንሽ አሰቡና «ጦምዎን ያድራሉ» አሉ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ አባዬም አብሮ ሳቀ።

«ገበሬ» አለ፣ «አናጢ» አለ። ቃጭሉ ተደወለ። ሻሹ ሲፈታለት ሰሌዳውን አነበበ። መምህር ገመቹ አዛውንቱን ትከሻቸውን አቅፈው «አባቴ ናቸው» አሉ። አባዬ የጨበጠበትን እጅ ከልብሱ አርቆ እንደያዘ ወጣ። እኛም ተከተልነው። አዛውንቱ ባዶ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

ቤት ስንደርስ እናቴ አለች፣ ሠራተኛዋ አለች፣ እኔ አለሁ። አባዬ ግን «ጫልቱ፣ ውሃ!» አለ። ማንቆርቆሪያና ሳፋ አምጥታ አፈሰሰችለት። «ሳሙና!» አለ፤ ሰጠችው። «ደግሞ ጨምሪ» አለ፤ ጨመረች። አታለቅስም ነበር። ያን ቀን አባቴን ጠላሁት፤ ሞቶም እንኳ ጨርሶ አልወጣልኝም።

መምህር ገመቹ የትምህርት ዘመኑ ሳያልቅ ወደ አርጆ ተዛወሩ። ማን እንዳዛወራቸው አባዬ ያውቅ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ «እግዜር አወጣችሁ» አለን፤ የቅዳሜው ጨዋታም ተረሳ።

ጫልቱ አላገባችም። አባዬ እርጅና ሲጫነው ምግቡን የሠራችለት፣ ልብሱን ያጠበችለት፣ ሲያመው አጠገቡ ያደረችው እሷ ናት። ገበታ ሲቀርብ ግን ማንቆርቆሪያውን ሞልታ፣ ሳፋውን ከእግሩ ሥር አስቀምጣ ትወጣለች። አፍስሺልኝ ብሏትም አያውቅም። እስኪሞት ድረስ በአንድ እጁ እየቀዳ ሌላውን ይታጠብ ነበር።