ጅራቱን የጨረሰ ኮከብ

ባለፈው ዓርብ፣ አርብ ገበያ ከተማ በሚገኘው የእኅቴ ልጅ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ከገበያ የሚመለሱትን አህዮች ስመለከት፣ እርሷ ከስልኳ አንድ ዜና አነበበችልኝ። የፊዚክስ አስተማሪ ናት። ወደ ምድር እየቀረበ የሚያልፍ አንድ አስትሮይድ የሚሉት የጠፈር ድንጋይ አለ፤ ጠበብቱ ግን ድንጋይ ብቻ መሆኑን ይጠራጠራሉ። ምናልባት ጅራቱን የጨረሰ የጥንት ጅራታም ኮከብ ይሆናል፤ ከቅርፊቱ በታች በረዶ ተርፎት እንደ ሆነ፣ ፀሐይ ስታሞቀው እንደ ገና ይተነፍስ ይሆናል።

"በምን ያውቁታል?" አልኋት።

"ዝም ብለው ይጠብቁታል፣ ጋሼ።"

ይህ ቃል ወደ ቤተ ልሔም መለሰኝ። በወጣትነቴ በዚያ ደብር የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ድጓን፣ እማር ነበር። መምህራችን የኔታ በአንድ ክረምት ታመሙ፤ ጭቃው ሲደርቅ እሳቸው ዳኑ፣ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። እኛ ስናዜም ጣታቸውን እያነሡ ያርሙን ጀመር።

"ከእንግዲህ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዜም ሰው ሳይታረም ሊቀር ነው" አለኝ ባልንጀራዬ፤ "አንተን ማለቴ ነው።"

በጥቅምት አንድ ረፋድ ላይ የደብሩ ሽማግሌዎች መጡ። "የኔታ፣ ድምፅ የሌለው ወንበር ተማሪ ይበትናል። ከስማዳ ሌላ መምህር ልናመጣ ነው፤ እርስዎ ይረፉ" አሏቸው።

የኔታ በጣታቸው ጠቅሰው እንዳዜም አዘዙኝ። ያስተማሩኝን ሽማግሌዎቹ ይስሙ ማለታቸው ነበር፤ ወንበራቸው በእኔ ጉሮሮ ላይ ተንጠለጠለ። የተደገፉትን ግድግዳ ፀሐይ አሙቃዋለች፤ ከማሳው የታጨደ ገብስ ይሸታል። እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፈንሁ። በዕዝል ዜማ መውረድ የነበረበትንም ሐረግ በሌላው ስልት፣ በአራራይ፣ አነሣሁት። የኔታ ጣታቸውን አንሥተው እንደ ነበር በኋላ ባልንጀራዬ ነገረኝ፤ እኔ አላየሁም።

ያን ጊዜ ከድንጋይ ሥር እንደሚወጣ ውኃ ቀጭን፣ የሻከረ ዜማ ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ የኔታ ያበላሸሁትን ሐረግ በዕዝል ያወርዱታል። ስሕተቱን መታገሥ አልቻሉም።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። አንደኛው፣ "ወንበሩስ ባለቤት አለው" ብሎ ወጣ። የመምህራችን ድምፅ ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው ጎልቶ አልተሰማም፤ ሌላ መምህር ይምጣ ያለም የለም።

"ጋሼ፣ ምን እያሰቡ ነው?" አለችኝ የእኅቴ ልጅ።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ካዜምሁም ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ፀሐይዋ ጉልበቴ ላይ ደርሳለች። ያን ሐረግ በለሆሳስ ጀመርሁት፤ ከስሕተቱ ቦታ ስደርስ ግን፣ ሳላስበው፣ ዝም ብዬ ጠበቅሁ።