ዋስ አትሁን

ወደ ቀየት በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡት ጠና ያሉ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ለሚያልፈው ሁሉ ብድግ እያሉ፣ አጠገባቸው ያለውን ወጣት ይመክራሉ።

«ልጄ፣ ለማንም ዋስ አትሁን! ባልደረባዬ ተበድሮ ሳይከፍል ቀረና ፍርድ ቤት የደመወዜን ሲሶ በየወሩ ያስቆርጥብኛል። ሚስቴም ‹ሁለተኛ ዋስ ብትሆን ቤት አትገባም› ብላኛለች።»

«ሰውየውን አይጠይቁትም?»

«እንዴት ብዬ? ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሲያየኝ እንዳያፍር ብዬ መንገድ እቀይራለሁ።»

ከኋላ አንዲት ሴት መሳፈሪያ ጎደላትና «ስንደርስ ወንድሜ ይሰጥሃል» ብትለው ረዳቱ ተቆጣ።

«ዋስ አለሽ?»

ከፊቴ ያሉት ሰውዬ እጃቸውን አወጡ። ወጣቱ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ይኼ እኮ መሳፈሪያ ነው፤ ብድር አይደለም» አሉት። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ ሚስቴን ታውቃታለህ?»