አባቴ ጢስ ላይ የሰቀለው የጃፓን ሣጥን

ያላበላሸሁትን ዕቃ አበላሸህ ተብዬ ትምህርት ቤት ሳልገባ ቀርቻለሁ፤ የዋሸብኝም አባቴ ነው።

ይህን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት ነቀምቴ ጸጉሬን ልቆረጥ ተራ ስጠብቅ ያገላበጥኩት አሮጌ መጽሔት ነው። ማንበብ የተማርኩት ከሸበትኩ ወዲህ ስለሆነ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ጃፓኖች በእንጨት ዕቃ ላይ የዛፍ ሙጫ ስስ አድርገው እየቀቡ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየደረቡ፣ ብዙ ወራት ካወፈሩት በኋላ አበባውን የሚቀርጹት እንጨቱ ላይ ሳይሆን ሙጫው ላይ ነው ይላል። የሚደርቀውም እርጥበት ባለው ክፍል ነው አሉ። አባቴ ይህን ከየት ይወቀው?

እሱ ከዋንዛ ገበቴና በርጩማ ይጠርብ ነበር። ቤታችን ፍቅፋቂና የተነጠረ ቅቤ ይሸታል፤ እናቴ ለወጥ ያጣችውን ቅቤ ገበቴዎቹ ይጠግቡታል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሚስት እትዬ አስካለ፣ ወንድሟ ኮሪያ ዘምቶ ሲመለስ ከጃፓን ያመጣላት፣ ከአያቶቻችን በዕድሜ የሚበልጥ፣ አበባ የተቀረጸበት ቀይ ሣጥን ክዳኑ ተሰንጥቆባት ይዛ መጣች። «ይህን ከጠገንክልኝ ልጅህን አንደኛ ክፍል አስገባልሃለሁ» አለችው።

ስንጥቁን በሰም ደፈነው። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ከእጁ የሚወጣ ዕቃ ግን ቅቤ ሳይጠጣ፣ ጢስ ሳይጠግብ ለባለቤቱ አይሄድም። «እንጨት እንጨት ነው፣ ከየትም ይምጣ» ብሎ ቅቤ ቀብቶ ከምድጃው በላይ ሰቀለው። በሦስተኛው ቀን ቀዩ ልባሱ እንደተቃጠለ እጅ ውኃ ቋጥሮ፣ አበባው እየተላጠ አመዱ ላይ ረገፈ።

እትዬ አስካለ ስትመጣ አባቴ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጊፍቲ ኮ፣ እመቤቴ፣ ይሄ ባለጌ ነው፤ ዘወር ስል ጢስ ላይ ሰቀለብኝ» አለና ወደ እኔ ጠቆመ።

«ይሄንን እጅ ነው እርሳስ ላስይዝልህ የነበረው?» ብላ ሣጥኗን አቅፋ ወጣች። አባቴ መሮውን መሳል ጀመረ።

በዓመቱ ወደ ምዝገባው ስንሄድ መንገድ ላይ እውነቱን እንዲናገር ለመንኩት። «የክፍሉን አግዳሚ ወንበር በሙሉ ያዘዙኝ እሷና ባሏ ናቸው እኮ፣ ልጄ» አለኝ።

እሱም ሞተ፣ ከዋንዛው ጋር የሚነጋገረው እጁም አብሮት ተቀበረ፤ ገበያው ዛሬ ፕላስቲክ ነው። እኔ ማንበብ ብችልም፣ አስተማሪ ወይም ጸሐፊ ይሆን የነበረው ሰው የት እንደቀረ የሚነግረኝ ገጽ የለም።

ያን የምዝገባ ቀን ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆሞ «ዕድሜው አልፏል» አለ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ «እሺ ጌታዬ» አለ። መስከረም ሃያ ሁለት ነበር፣ ሰኞ።