ፈተና ላይ ያዜምኩት ሳይኮሎጂ

ኅዳር 10፣ ሰኞ። እስከ ረፋዱ፦ የተሸጠ ባና ሁለት፣ ዋጋ ጠይቀው የሄዱ አምስት፣ «ትናንት ፈተና ላይ ዘፈንሽ አሉ?» ብለው የጠየቁኝ ሰባቱም።

አልዘፈንኩም። ነገሩ እንዲህ ነው...

ሞላሌ ከተማ ውስጥ ባና እሸጣለሁ፤ ከበግ ፀጉር የሚሠራውን ወፍራም ብርድ ልብስ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። የጀመርኩትን ነገር ትቼ አላውቅም፣ ከትምህርት በስተቀር። አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን በማታ ጨርሼ ዘንድሮ የቅዳሜና እሑድ ኮሌጅ ገባሁ። የመጀመሪያው ኮርስ የሳይኮሎጂ መግቢያ ነው። መምህሩ ከልጄ የሚያንስ ወጣት ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን «በመጀመሪያው ፈተና ከግማሽ በታች ያመጣ ይሰናበታል» አለን። እኔ ትምህርትን አንድ ጊዜ ተሰናብቼዋለሁ። ሁለተኛውን አልፈልገውም።

መምህሩ የሰጠንን ሃያ ገጽ ማስታወሻ በቢጫ ቀለም አሰመርኩበት። ሁሉም ጠቃሚ መሰለኝ፤ ሁሉም ቢጫ ሆነ። ሦስት ጊዜ አነበብኩትና ገብቶኛል ብዬ ደመደምኩ።

በዚያው ሰሞን የኔታ ወደ ሱቄ መጡ። የኔታ የደብራችን የአብነት ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። በአንድ ጥቁር ባና ዋጋ ከመስከረም ጀምሮ ይከራከሩኛል። ዋጋ እነግራቸዋለሁ፣ «ይቅርብኝ» ብለው ይወጣሉ። «የኔታ ይመለሱ፣ እንስማማለን» እላለሁ። ይመለሳሉ፣ ትንሽ እቀንሳለሁ፣ «እስቲ ላስብበት» ብለው ይሄዳሉ። ያን ቀን ግን ዓይናቸው ማስታወሻዬ ላይ አረፈ።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው የወየበው?»

«አጥንቼው ነው የኔታ።»

«ዝጊውና ንገሪኝ።»

ዘጋሁት። «ሳይኮሎጂ ማለት...» አልኩ። ከዚያ ወዲያ የመጣ ነገር የለም። ገጹ ላይ የት ጋ እንደተጻፈ ግን በደንብ አውቃለሁ... በስተግራ፣ ከላይ።

«ዓይንሽ ነው የለመደው» አሉኝ። «ያንቺ የሚባለው ሲዘጋ የቀረልሽ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእሳቸው ሥርዓት ያዝኩት። ጠዋት የተወሰኑ መስመሮችን ይሰጡኛል፣ በማግስቱ ወረቀቱን ሳላይ እነግራቸዋለሁ። ከተሳሳትኩ እንደገና ከመጀመሪያው። ምላሴ ላይ አልያዝ ላለኝ «በዜማ ያዥው» ብለው ዜማ አበጁለት። በሦስተኛው ሳምንት ሃያውን ገጽ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ አወቅኩት። ሱቄ የሚመጣ ሰው እንኳ የትውስታ ክፍሎችን ማወቅ ጀምሮ ነበር።

ትናንት ፈተናው ደረሰ። አራተኛው ጥያቄ «ማጠናከሪያ ምንድን ነው? ከምሳሌ ጋር አስረዱ» ይላል። ማጠናከሪያ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ነው። ችግሩ... እኔ አሥራ አንደኛው ገጽ የምደርሰው ከአንደኛው ተነስቼ ነው። መሐል ላይ መግቢያ የለውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ በልቤ።

ሰባተኛው ገጽ ላይ ስደርስ በልቤ መሆኑ ቀርቶ ነበር። እኔ አልታወቀኝም። ያወቅኩት አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ በሹክሹክታ ስትለምነኝ ነው።

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ... አመለጠኝ።»

መምህሩ ቀና አለ። «ማነው እሱ?» ሁሉም እኔን አየ። መጥቶ ወረቀቴን አነሳና «ውጭ ይጠብቁኝ» አለኝ።

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ይኸው፣ ሁለተኛው መሰናበት መጣ አልኩ።

ተከትሎኝ ወጣ። «እትዬ፣ ይሄን ምን ልበለው? ኩረጃ ነው?»

«አይደለም መምህር። የያዝኩት በዜማ ስለሆነ ነው።»

«እንግዲያው እዚሁ ይመልሱልኝ። ከመለሱ ገብተው ይጨርሳሉ። ማጠናከሪያ ምንድን ነው?»

ከአሥረኛው ገጽ መጨረሻ ለመነሳት ሞከርኩ፤ ሆነልኝ። «ድርጊትን ተከትሎ የሚመጣ፣ ድርጊቱም እንዲደጋገም የሚያደርግ ነገር» አልኩ። ጥቂት ዜማ ነበረበት።

«ምሳሌስ?»

ዜማው እዚያ ጋ ያልቃል። ማስታወሻው ላይ ምሳሌ የለም። ማስታወሻውን ተውኩትና ሱቄን አሰብኩ።

«አንድ ደንበኛ አሉኝ» አልኩ። «ዋጋ ስነግራቸው ይወጣሉ፤ እኔ እጠራቸውና እቀንሳለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ተከራክረው ነበር የሚወጡት። ቀጥሎ ዋጋውን ተናግሬ ሳልጨርስ መውጣት ጀመሩ። ባለፈው ሳምንትማ ገና ሰላም እንዳሉኝ ወጡ።»

«ማነው ያስለመዳቸው?»

ይህን እስካሁን ራሴን ጠይቄው አላውቅም። «እኔ» አልኩ።

«እንዲተዉት ምን ያደርጋሉ?»

«አልጠራቸውም።»

ወረቀቴን መለሰልኝ። «ይግቡ። ሃያ ደቂቃ ይቀርዎታል። አያዚሙ።»

ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ጨረስኩ።

ዛሬ ጠዋት ውጤት ተለጠፈ። ሃያ ሁለት ከሠላሳ አገኘሁ፤ አልተሰናበትኩም። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ሃያ አራት አገኘች።

ከእንግዲህ ከመሐል ስጠየቅ መመለስን መልመድ አለብኝ። ስለዚህ ዛሬ ዋጋ የጠየቀኝን ሁሉ፣ መጀመሪያ ማስታወሻውን ከፈለገበት ገልጦ እንዲጠይቀኝ አደረግሁ። አምስቱ ሳይገዙ የሄዱት በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ነገ፦ የኔታ ስለ ባናው ይመጣሉ። ሲወጡ አለመጥራት። ባናውን ግን ለሌላ ሰው አለመሸጥ፣ መመላለሱን እንዳይተዉት፤ ሁለተኛው ማስታወሻ ሠላሳ ገጽ ነው።