እርጥብ ቆዳ በሰደፍ ላይ

እርጥብ ቆዳ ሲሸተኝ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈራችን፣ እናቴ ቆዳ ትሰፋበት የነበረው ደጃፍ ይመጣብኛል። ልጅ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ በእጀታ እየተሳበ ጥይት የሚጎርስ የድሮ ጠመንጃውን አምጥቶ ለሰደፉ የቆዳ ልብስ አሰፋ። እናቴ የነከረችውን ቆዳ እንጨቱ ላይ ወጥራ ሰፋችና፣ "እስኪደርቅ እዚህ ይተዉት" አለችው።

"መሣሪያዬን ለሴት ትቼ ልሂድ? አምጪው!"

"እርጥቡን ከነኩት ይሸበሸባል። ተሸብሽቦ ከእጄ አይወጣም!" ብላ ጠመንጃውን ከኋላዋ ግድግዳ ላይ አስደገፈችው።

ዘበኛው እያጉረመረመ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፤ በዚያ ሙቀት እስኪደርቅ ጠበቀ። እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "ሲጮሁብሽ እጅሽ አይንቀጥቀጥ" አለችኝ። ያኔ ስለ መርፌው መስሎኝ ነበር።

ዛሬ በእሷ ቦታ ቆዳ ስሰፋ አንድ ሾፌር መጥቶ፣ "ባለሙያው የት ሄደ?" አለኝ።

ያንኑ በርጩማ በእግሬ ገፋሁለት። "ቁጭ ይበሉ፤ ባለሙያዋ እየሰፋች ነው።"