ልጄ ውሃ የጠየቀችው እህቴን ነው

«አትደንግጪ፤ ሜሮንን ተቅማጥ ይዟታል» ስትለኝ ሰመራ ቢሮዬ ውስጥ ነበርኩ። የደወለችው ታላቅ እህቴ አልማዝ ናት። የተወደዳችሁ የደካ ቤተ ክርስቲያን ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያን ቀን ያደረገልኝን ፊታችሁ ቆሜ ብመሰክር ደስ ባለኝ፤ ሥራው አልለቅ ስላለኝ ጽፌ ልኬዋለሁና ይነበብልኝ።

የዚህ አገር ሙቀት እንዳይጎዳት ብዬ ልጄን ገና ዳዴ ስትል ነበር እናንተው ጋ ደካ ለምትኖረው እህቴ የሰጠኋት። ያኔ ጌታን በስሙ እንጂ በልቤ አላውቀውም። ልቤ ውስጥ የነበረው ቅናት ነው። «ሜሮን ዛሬ ቆመች» ስትለኝ፣ እኔ ሳላያት እንዴት ትቆማለች እል ነበር። ጸልያ ሲመለስላት እንኳ እቀናባት ነበር።

«ምን አብልተሻት ነው?» አልኳት።

«የምንበላውን ነው፣ እህቴ። አሁን ጤና ጣቢያ ነን። ያስመልሳታል፤ ዓይኗም ጎድጉዷል።»

አልማዝ እንደነገረችኝ፣ ነርሷ የሜሮንን የሆድ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ስትለቀው ቶሎ አልመለስ አለ። ሰገራዋ ውስጥ ደም ይኖር እንደሆነ ጠየቀች፤ የለም። ኦ አር ኤስ የሚባለውን ዱቄት በውሃ በጥብጣ በማንኪያ እንዲሰጧት አዘዘች። ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ሲከራከሯት በስልኩ እሰማለሁ።

«ሲስተር፣ ከታች ለሚያፈስ እንስራ ከላይ ይጨመርበታል እንዴ?»

«ታዲያ ባዶውን ይቅር፣ ጋሼ? የወጣውን እኮ ነው የምንተካው። ካስመለሳት ትንሽ ታገሡና ቀስ እያላችሁ ስጧት። መጠጣት ካቃታት ግን ግሉኮስ ያስፈልጋታል፤ ወደ ቦንጋ ሆስፒታል እንልካታለን።»

እኔም እንደ ጋሽ ወልዴ «ውሃው ይቅርባት» አልኩ። አልማዝ አልሰማችኝም። ልጅቱ ግን አፏን ገጥማ ማንኪያውን እምቢ አለች።

«እስቲ አንቺ አናግሪያት» ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገችላት።

«ሜሪዬ፣ እማ ነኝ» አልኳት። «አሁንም እምቢ አለች» አለችኝ አልማዝ።

ቢሮው ወለል ላይ ተንበረከክሁ። «ጌታ ሆይ፣ ከእህቴ እጅ ትጠጣ። ማንንም እማ ትበል፤ ብቻ ትኑርልኝ» አልኩ። ከልቤ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ደከም ያለች ድምፅ ሰማሁ።

«እማ፣ ውሃ።»

የጠራችው አልማዝን ነው። ጠጣች፤ ስሙ ይባረክ። ደስታውና ቅናቱ ባንድ ላይ መጡብኝ፤ ቢሆንም ስሙ ይባረክ። ከሰዓት በኋላ ሽንቷን ሸናች፣ ዓይኗም ተመለሰ። ነርሷ የዚንክ ኪኒን ሰጥታ «ምግቧን እንዳታቋርጡባት» ብላ ወደ ቤት ሸኘቻቸው።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጌታ የእኔም ጌታ ነው። ቅናቱ ፈጽሞ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ይዤው ፊቱ እቀርባለሁ፣ አላባረረኝም። ልጁ ከዓይኑ የራቀበት ካለ ለእሱ አደራ ይስጥ፤ እጁ የማይደርስበት ስፍራ የለም።

አንድ ልመና አለኝ። ያን ቀን በጤና ጣቢያው ግቢ የነበራችሁ፣ አልማዝ እንዳላዝን ብላ የምትደብቀኝን እናንተ ንገሩኝ። ሜሮን ስትጠጣ ማን ላይ ተደግፋ ነበር? ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሳቀችውስ ለማን ነው? ለእህቴ ከሆነም አትሸፋፍኑልኝ፤ እንዴት አድርጋ እንደሳቀች ንገሩኝ።