የቀኝ ጎማው ሽታ

በጣሊያን ጊዜ ባሕር ዳር በወታደሮቹ ጋራዥ እሠራ ነበር። አንድ የጭነት መኪና ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ ግራ ይጎትት ጀመር። ሌሎቹ እንደ ጅል የግራውን ጎማ ሲፈቱ ዋሉ፤ እኔ ግን የሰነፈው ቀኙ ነው ብዬ እሱን ፈታሁ። ጎማውን የሚይዘው የፍሬኑ ሸራ ዘይት ጠጥቷል። ሳሸተው የኑግ ዘይት ነው፤ ማን ቀባው ብዬ ጠየቅሁ።

ዘበኛችን ኮርቻ ሰፊ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። «ጎማው ሲጢጥ ቢልብኝ ቀባሁት፤ ኮርቻም እንዲሁ ነው» አሉኝ ደስ ብሏቸው። ጣሊያኑ አለቃችን ቢሰማ፣ አውቀው አበላሹ ብሎ ይሰቅላቸዋል። አለቃው ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ በአስተርጓሚው በኩል «የጎማውን ቅባት፣ ግራሶውን አብዝቼ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልሁት። በጥፊ አጮለኝ።

ሽማግሌው ሮጠው መጥተው ጉንጬን ዳበሱኝ። «አይዞህ ልጄ» አሉኝ ጮክ ብለው፣ «የግራውንም ነገ እቀባልሃለሁ።»

አስተርጓሚው ገና ከአጠገባችን አልሄደም ነበር።